ስለ ጀሶ መደብና ስለ ንቃቃት ጌጥ አሠራር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመጣ መንገደኛ ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር፣ በገደሉ ወገብ ላይ በንብርብር የተቀመጠ ነጣ ያለ ድንጋይ ያያል። ይህ ድንጋይ አገሩ በጥልቅ ዘመን የባሕር ወለል ሳለ ከጨዋማው ውሃ እየዘቀጠ የቀረ ጀሶ ሲሆን፣ ዛሬ ለሲሚንቶ ፋብሪካ የሚጫነው፣ ለኮርኒስ የሚፈሰው፣ በሐኪም ቤትም የተሰበረ አጥንት የሚታሰርበት ሁሉ ከዚሁ ዘር ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ጀሶ የአንድን ሣጥን ወይም የአንድን ቁም ሣጥን ፊት ምን ያህል ሊያከብር እንደሚችል የሚያስብ አናጢ በዘመናችን ጥቂት ነው፤ ይህም የሚያሳዝን ነው፤ ጥበቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለምና።

በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ ማለት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ሥራው በጣና ሐይቅ በደጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚመሰክርለት ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን የእመቤታችንን ሥዕል በሳንቃ ላይ ሲሥል፣ ቀለሙን በባዶ እንጨት ላይ አላሳረፈም፤ በእንጨቱና በቀለሙ መካከል ነጭ የጀሶ መደብ አለ። ከእርሱም በኋላ የተነሡት ሠዓልያን የቤተ መቅደሱ ግድግዳ ጭቃ በሆነ ጊዜ፣ ጭቃው ከእርጥበትና ከፀሐይ የተነሣ እንደሚላወስ ዐውቀው፣ አስቀድመው የጥጥ ጨርቅ በሙጫ እየለጠፉ በጨርቁ ላይ ይሥሉ ነበር። የቀለም ዕድሜ የሚለካው በቀለሙ ሳይሆን ከሥሩ በተነጠፈለት መደብ እንደ ሆነ እነዚያ አባቶች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ እኛም ከዚህ በታች የምናስተምረው ይህንኑ ጥበብ ለቤት ዕቃና ለቤት ግድግዳ የሚሆንበትን መንገድ፣ በላዩም ላይ የንቃቃት ጌጥ የሚወጣበትን ሥርዓት ነው።

ከሥራው በፊት ግን አንድ ሕግ በልብ መጻፍ አለበት። በዕቃ ላይ ደራርበን የምንቀባው ነገር ሁሉ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ከሥሩ ያለውን ይጎትታል። የላይኛው ንብር ከታችኛው ይልቅ ብርቱ የሆነ እንደ ሆነ፣ ወይ ታችኛውን ገንጥሎ ያነሣዋል፣ ወይ ራሱ ተቀድዶ ይነቃል። ስለዚህ መደብን የሚሠራ ሰው የላይኛው ንብር ከታችኛው እንዳይበረታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጠነቀቃል፤ የንቃቃት ጌጥን የሚሠራ ደግሞ በመጨረሻዋ ንብር ላይ ብቻ፣ ዐውቆና ፈቅዶ፣ ይህንኑ ሕግ ያፈርሳል። ከታች ያልጠበቀው ሰው ከላይ ቢያፈርስ የሚያገኘው ጌጥ አይደለም፤ ፍርስራሽ ነው።

ስለ እንጨቱና ስለ ወራቱ

እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን እጅግ መልካም ነው፤ ቀላልና ጠባዩ የተረጋጋ ነውና። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጠመዘዝ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ኮምፔንሳቶም ይሆናል። ከፋብሪካ ለስልሶ የወጣ፣ ፊቱ የሚያብለጨልጭ ቺፕውድ ግን ሙጫ ስለማይዝ በብርጭቆ ወረቀት እስኪደበዝዝ ድረስ መፈግፈግ አለበት፤ ቀድሞ የዘይት ቀለም የተቀባ አሮጌ ዕቃም እንጨቱ እስኪታይ ድረስ ይፋቅ። ቋጠሮ ያለበትን ሳንቃ ከፊት አያግቡ።

የሚሠራውንም ዕቃ በማስተዋል ይምረጡ። የጀሶ መደብ ውሃና ግጭት አይወድም፤ ስለዚህ ለወጥ ቤት መደርደሪያ፣ ለጠረጴዛ ፊት፣ ወለል በታጠበ ቁጥር ለሚረጥበው የወንበር እግር አይሆንም። የሚያምረው ለሣጥን፣ ለአልጋ ራስጌ፣ ለቁም ሣጥን መዝጊያ፣ ለመስተዋትና ለሥዕል ክፈፍ ነው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ ጭጋግና ዝናቧ ብዙ የሆነ ከተማ ስለ ሆነች፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ወራት ይህን ሥራ መጀመር ከንቱ ድካም ነው፤ መደቡ ሳይደርቅ ይሻግታል፣ ሙጫው ይሸታል፣ ንቃቃቱም እምቢ ይላል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወራት የተመቸ ነው። በዚያም ወራት ቢሆን ሥራው በጥላ ይሁን እንጂ በፀሐይ አይሁን፤ የደጋ ፀሐይ የመደቡን ፊት ከሆዱ አስቀድሞ ያደርቀዋልና፣ ያን ጊዜ ያልፈለግነው ስንጥቅ ይመጣል። ማለዳ ላይ ብርዱ ሙጫውን በብሩሽ ላይ እንዳለ ስለሚያረጋው፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በፊት ባይጀምሩ ይሻላል።

ጀሶውን ስለ ማብረድ

ከመደብር የሚገዛው ጀሶ በእሳት ተጠብሶ በተፈጥሮ የነበረውን ውሃ አብዛኛውን ያጣ ነው፤ ስለዚህም ውሃ ባገኘ ጊዜ ያጣውን ለመመለስ ይቸኩልና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ለኮርኒስ ይህ ጠባዩ ጥቅም ነው፤ ለመደብ ግን ጠላት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ኃይሉ መብረድ አለበት።

1 ኪሎ ጀሶ 10 ሊትር ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይነስንሱ፤ ከዚያም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ በእንጨት ያማስሉ። በዚህ ሰዓት ውስጥ ማማሰልን የተወ ሰው ከባልዲው ሥር የሚያገኘው ድንጋይ ነውና፣ ረዳት ቢኖርዎ መልካም ነው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ ጊዜ እያማሰሉ፣ በየሳምንቱም ከላይ የጠለለውን ውሃ እየደፉ አዲስ እየጨመሩ አንድ ወር ያቆዩት። ከ600 ዓመት በፊት ገደማ የጣልያኑ ሠዓሊ ቼኒኖ ቼኒኒ ስለ ሥዕል ሥራ በጻፈው መጽሐፍ ያስተማረው ይህንኑ የአንድ ወር ሥርዓት ነው። ወሩ ሲፈጸም በነጠላ ጨርቅ አጥልለው፣ ጨምቀው፣ በጥላ ያድርቁት፤ ሲደርቅም ወቅጠው በወንፊት ይንፉት። እንዲህ የበረደ ጀሶ በጣት መካከል ሲታሽ ሐር ይመስላል፣ አሸዋነት የለውም፤ ዳግመኛም አይጠነክርም።

በመንፋቱና በኋላም በመፈግፈጉ ጊዜ አፍንጫና አፍ በጨርቅ ይሸፈን።

ስለ ሙጫው

ለመደብ የሚሆነው ሙጫ ከቆዳ የሚወጣው ነው። በዚህ ነገር ጎጃም ከሌላው አገር ይልቅ የታደለ ነው፤ ብራና የሚፍቁ ሰዎች ባሉበት ሁሉ ሲጣል የሚውለው የብራና ቁርጥራጭ ከሁሉ የጠራውን ሙጫ ይሰጣልና። ቁርጥራጩን አጥበው፣ አንድ ሌሊት በውሃ ነክረው፣ በዝግታ እሳት ላይ ውሃው ወደ ሲሶው እስኪወርድ ድረስ ያቆዩትና በጨርቅ ያጥልሉት። ደርቆ የሚሸጥ የቆዳ ሙጫ ያገኘ ሰው ደግሞ 70 ግራም ያህሉን በ1 ሊትር ውሃ ነክሮ ያሳድርና በማግስቱ ያሙቀው።

ሙጫው በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ በውሃ በተሞላ ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ ተቀምጦ በእርሱ ውስጥ ይሙቅ እንጂ። በዚህ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ነገር ግን ይህም ቢሆን ለሙጫው እጅግ ይበዛበታል፤ 60 ዲግሪ ያለፈ ሙጫ ኃይሉ ይደክማል። መለኪያ የሌለው ሰው ጣቱን ነከር ያድርግ፤ ሙቀቱ የሚያስቸግር ነገር ግን የማያቃጥል ከሆነ ልክ ነው። የብርታቱ ፈተና ደግሞ እንዲህ ነው፦ ጥቂቱን በሳሕን አፍስሰው በቀዝቃዛ ስፍራ ያሳድሩት፤ በማግስቱ ረግቶ፣ በጣት ሲጫኑት ተሰንጥቆ የሚለያይ ከሆነ በቅቷል። ጣት የማይበግረው ከሆነ በዝቶበታልና ሙቅ ውሃ ይጨመርበት፤ ሳይረጋ ካደረ ደግሞ እንደገና እሳት ያስፈልገዋል።

መደቡን ስለ መልበስ

በመጀመሪያ ሙቁን ሙጫ ብቻውን እንጨቱን ፊትና ጀርባ ይቀቡት፤ ፊቱን ብቻ የተቀባ ሳንቃ ይጎብጣል። ሳንቃ ከሳንቃ በተጋጠመበት መስመር ላይ ሙጫ የጠጣ ያረጀ አቡጀዲ ይለጥፉ፤ የመቅደስ ሠዓልያን በጭቃ ግድግዳ ላይ ያደርጉት የነበረውን ማለት ነው። አንድ ሌሊት ይደር።

በማግስቱ የበረደውን ጀሶ በሞቀው ሙጫ ላይ በእጅ እየዘገኑ ይነስንሱ፤ አያማስሉት፣ ራሱ እየጠጣ ይስመጥ። ዱቄቱ ከሙጫው ፊት በታች ጥቂት ዝቅ ብሎ ሲቆም ይበቃዋል። ሩብ ሰዓት ቆይተው፣ አረፋ እንዳይነሣ በዝግታ ያዋህዱትና በወንፊት ያሳልፉት፤ ውፍረቱ ለእንጀራ እንደ ቀጠነ ሊጥ ይሁን።

የመጀመሪያዋን ንብር በብሩሽ ሳይሆን በእጅ መዳፍ ይቀቡ፤ ወደ እንጨቱ ቀዳዳ የምትገባው በዚህ መንገድ ነው። በብሩሽ በቶሎ ቢያለብሷት አየር ከሥር ታፍኖ ይቀራል፤ ኋላም በመደቡ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ዐይኖች ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ከ6 እስከ 8 ንብር ይደርቡ፤ አንዱ በቁመት ቢሆን ቀጥሎ ያለው በአግድም። ቀጣዩን ለመቀባት የቀድሞው ፈጽሞ እስኪደርቅ አይጠበቅም፤ የእርጥበት ብልጭታው ጠፍቶ ፊቱ ሲደበዝዝ፣ ነገር ግን በእጅ ጀርባ ሲዳሰስ ገና ቅዝቃዜው ሲሰማ፣ ያን ጊዜ ነው። ሥራው በአንድ ቀን ይጠናቀቅ።

እዚህ ላይ ብዙ ሠራተኛ የሚስተው አንድ ነገር አለ። ሙጫው በሙቀት ላይ ቀኑን ሙሉ ሲቆይ ውሃው ይተንናል፤ ውሃው ሲቀንስ ሙጫው ይበረታል፤ ስለዚህ ስድስተኛው ንብር ሳይታወቅ ከመጀመሪያው ይልቅ ብርቱ ሆኖ ይገኛል፤ ይህም ከላይ የተናገርነውን ሕግ በስውር ያፈርሳል። ከአንድ ወር በኋላ መደቡ ሲነቃ ባለ ዕቃው እንጨቱን ይከሳል፤ ጥፋቱ ግን ያለው በድስቱ ውስጥ ነው። በየሁለት ንብሩ ጥቂት ሙቅ ውሃ እየጨመሩ ውፍረቱን እንደ ጠዋቱ ይጠብቁ።

ሦስት ቀን በጥላ ከደረቀ በኋላ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት፤ በመጨረሻም ረጠብ ባለ ንጹሕ ጨርቅ እያዞሩ ይሹት። መደቡ የዝሆን ጥርስ ሲመስል ሥራው ተፈጽሟል። በዚህ ደረጃ ላይ ሐረግ መቅረጽ የሚሻ ሰው፣ የብራና ጸሐፍት በመጽሐፍ ራስ ላይ የሚሥሉትን ዓይነት ሐረግ በስለት ጫፍ ሊቀርጽበት ይችላል፤ የጀሶ መደብ ከእንጨት ይልቅ ለስለት ይታዘዛል።

ንቃቃትን በቀለም ስለ ማውጣት

በመደቡ ላይ በንቃቃቱ መካከል እንዲታይ የሚፈልጉትን ኅብር በፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብተው ያሳድሩ። በማግስቱ የአናጢ ነጭ ኮላ በብሩሽ ይቀቡበት፤ ወፍራም ኮላ ሰፊ ንቃቃት ያወጣል፣ ስስ ኮላ ደቃቁን። አሁን ዐይንዎ ከሰዓት ይልቅ በጣትዎ ላይ ይሁን፦ ጣት ሲያርፍበት የሚይዝ፣ ሲነሣ ግን ክር የማይመዝ ሲሆን ጊዜው ደርሷል፤ ይህም እንደ ወራቱ ከ20 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይሆናል። ያን ጊዜ ሁለተኛውን ኅብር፣ የማያብለጨልጭ የውሃ ቀለም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀቡ። የተቀባውን ቦታ ብሩሽ ዳግመኛ አይንካው፤ ከተነካ ኮላውና ቀለሙ ተደባልቀው ጭቃ ይሆናሉ።

ቀለሙ በተቀባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ አስቀድሞ የደረቀው ጠርዝ ላይ፣ ፀጉር የሚያህል መስመር ብቅ ይላል፤ ከእርሱ ጎን ሌላው፣ ከዚያም ሁለቱን የሚያገናኝ ሦስተኛው፤ እያዩት መስመሩ ይሰፋና ከሥሩ ያለው ኅብር ይወጣል። በብሩሽ በአንድ አቅጣጫ የተቀባ ቀለም በብሩሹ መንገድ ረዘም እያለ ይነቃል፤ በስፖንጅ እየተመታ የተቀባ ግን እንደ መረብ ይከፈላል። ለመዝጊያ ፊት መረቡን፣ ለክፈፍ ረጅሙን እመርጣለሁ።

ስለ ኅብሩ ምክር ቢጠይቁኝ፣ ነጭ በጥቁር ላይ ዐይን ያደክማል እላለሁ። ከሥር የቀይ አፈር መልክ፣ ከላይ የቅቤ መልክ፤ ወይም ከሥር ብጫ፣ ከላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቢሆን የተረጋጋ ነው። ዕቃውንም ሁሉ በንቃቃት መሸፈን ጌጡን ያረክሰዋል፤ የመዝጊያው ሆድ ከነቃ፣ ዙሪያው ልሙጥ ሆኖ ይቆይ።

አንድ ቀን ከደረቀ በኋላ በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ ይቀቡት። የውሃ ቫርኒሽ ከሥር ያለውን ኮላ መልሶ ስለሚያርሰው አይሆንም።

ንቃቃትን በሙጫ ስለ ማውጣት

ይህ ከፊተኛው ይልቅ የረቀቀ ነው፤ ቀለሙ ሳይነካ፣ በላዩ ያለው ጥርት ያለ ልባስ ብቻ ይነቃል፤ የሸረሪት ድር በሚመስል መስመርም ይሞላል። በደረቀው ቀለም ላይ ከተልባ ዘይት የተሠራ ቫርኒሽ በስሱ ይቀቡ፤ እርሱም ጣት የሚይዝ ያህል ሲደርቅ፣ ጸሐፍት ከቀለማቸው ጋር የሚያዋሕዱትን የግራር ሙጫ 1 እጅ በ2 እጅ ውሃ አሟምተው፣ በጨርቅም አጥልለው በላዩ ይደርቡ። ሙጫው በዘይቱ ላይ ተንጠባጥቦ አልዘረጋ ካለ ጥቂት የበሬ ሐሞት ጠብ ያድርጉበት፤ ወዲያው ይዘረጋል። ከላይ ያለው ሙጫ ፈጥኖ ሲደርቅ ከሥሩ ያለው ዘይት ገና ለስላሳ ነውና፣ ሙጫው ይነቃል። ሙቀት ያለበት ክፍል ያፋጥነዋል።

መስመሮቹ ግን ጥርት ያሉ ስለ ሆኑ በዐይን አይጎሉም። ስለዚህ ሲደርቅ ቡናማ የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥነው በጨርቅ ይሹበት፤ በሌላ ጨርቅም ፊቱን ይጥረጉ፤ በመስመሮቹ ውስጥ ያለው ብቻ ይቀራል። በውሃ የተበጠበጠ ቀለም እንዳያቀርቡበት፤ የግራር ሙጫ በውሃ ይሟሟልና ሥራው ሁሉ ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚሁም ምክንያት ሲፈጸም በዘይት ቫርኒሽ ይዘጋ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ከራሱ ሙቀት የተነሣ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል፣ በገመድ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ስለ ግድግዳ

ግድግዳን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። በጭቃና በጤፍ ጭድ የተመረገ ግድግዳ ለቆዳ ሙጫ መደብ አይሆንም፤ ስቱኮ ይበቃዋል፤ ንቃቃቱም በቀለም በሚወጣበት በፊተኛው መንገድ ይሁን። ብቻ አስቀድመው አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አትመው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያቆዩት፤ ከሥሩ ጤዛ ከተገኘ ግድግዳው እርጥበት አለውና ምክንያቱ ሳይወገድ ምንም አይቀቡበት። አንዱን ግድግዳ መርጠው ሌሎቹን ልሙጥ ይተዉ።

ስለ አሮጌ ዕቃ

እንግዲህ በብርቱ የማሳስበው ነገር ይህ ነው። ንቃቃት የዘመን ምልክት ነው፤ በአሮጌ ሥዕል ላይ ያለው መስመር ሁሉ እንጨቱ በየክረምቱ ሲነፋ በየበጋውም ሲሸሽ የጻፈው ነው። ስለዚህ ይህን ጥበብ የተማረ ሰው እጁን በጥንታዊ ሥዕለ አድኅኖ፣ በአሮጌ መስቀል ወይም በአባቶቹ ሣጥን ላይ እንዳያነሣ፤ የነቃውን ላድስ ብሎ ሙጫና ቫርኒሽ እንዳይቀባበት እለምናለሁ፤ የአንድ ቀን በጎ ፈቃድ የ500 ዓመት ምስክር ያጠፋልና። እንዲህ ያለው ዕቃ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ስለ ሆነ፣ የሚጠገነውም በባለ ሙያ እጅና በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ነው።

አዲሱንም ዕቃ አሮጌ ነው ብሎ መሸጥ ስርቆት ነው፤ የሚሰረቀውም የገዢው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የእውነተኞቹ አሮጌ ዕቃዎች ክብር ጭምር ነው። ስለዚህ ሣጥንዎ ተፈጽሞ ቫርኒሹ በደረቀ ቀን ገልብጠው፣ ከሥሩ ባዶ በቀረው እንጨት ላይ፣ የሠሪውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በማይለቅ ቀለም ይጻፉበት።